በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፖርትሬቶች ላይ የልጆችን ልብስ እንዴት ማንበብ ይቻላል

በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሹዋ ሬኖልድስ በ1788 የሣለው የአንድ ሕፃን ምስል ይገኛል። ሕፃኑ ነጭ ስስ ቀሚስ ለብሶ፣ ወገቡን በመቀነት ታጥቆ፣ ረጅም ጸጉሩ ወደ ትከሻው ወርዶ፣ አንድ እጁን ዘርግቶ ከሥዕሉ ውጭ ወዳለ ነገር ይጠቁማል። የዚህን ሥዕል ግልባጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየሁ ጊዜ ማስታወሻዬ ላይ «ልጅቷ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ርእሱን ሳነብ ግን ፍራንሲስ ጆርጅ ሄር የተባለ የሁለት ዓመት ገደማ ወንድ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ማስታወሻውን አልሰረዝኩትም፤ እንዲህ ዓይነቱ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ያስታውሰኛልና እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ይህ መመሪያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የተሣሉ የልጆች ፖርትሬቶችን፣ ማለትም የእውነተኛ ልጆችን መልክ የሚያሳዩ ሥዕሎችን፣ ለሚያጠና፣ ስለ እነርሱ ለሚጽፍ ወይም በሙዚየም ቆሞ ለሌሎች ለሚያስረዳ ሰው የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መነሻዬ አንድ ሐሳብ ነው፦ በእንዲህ ዓይነት ሥዕል ላይ የሚታየው ልብስ ሁለት ባለቤቶች አሉት። አንደኛው ልጁን በቤቱ ያለበሰው ቤተሰብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሸራው ላይ ያለበሰው ሠዓሊ ነው። ሁለቱ አንዳንዴ ይስማማሉ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ አይገናኙም፤ ስለዚህ ከልብሱ ተነሥቶ ስለ ዘመን፣ ስለ ዕድሜ ወይም ስለ ጾታ ከመናገር በፊት የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ከርእሱ በፊት ልብሱን ማየት

በመጀመሪያ የሥዕሉን ርእስ ሸፍነው ያዩትን ብቻ ይጻፉ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች የሥዕሎቻቸውን ጥራት ያላቸው ፎቶዎች በድረ ገጾቻቸው ስለሚያስቀምጡ፣ ከመጽሐፍ ላይ ከሚገኝ ትንሽ ግልባጭ ይልቅ እነዚያን አጉልቶ መመልከት እጅግ ይሻላል። አመለካከቱም ከታች ወደ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከጫማው ወደ ቀሚሱ ጠርዝ፣ ከዚያ ወደ ወገቡ፣ ወደ እጅጌው፣ ወደ ትከሻው፣ ወደ አንገቱ፣ ወደ ቆቡ። ፊቱን ለመጨረሻ ይተዉት። የልጅ ፊት ወዲያው ይማርካል፤ ከፊቱ የጀመረ ተመልካች ልብሱን የሚያየው አስቀድሞ የደረሰበትን ፍርድ ለማረጋገጥ ብቻ ነው።

የሸራውን መጠንም ይመዝግቡ። በዚያ ዘመን የለንደን ሠዓሊዎች የሚሠሩባቸው ሸራዎች በአብዛኛው የተወሰነ ልክ ነበራቸው፤ ራስንና ደረትን ብቻ ለሚያሳይ ሥዕል 76 በ63 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ እስከ ጉልበት ለሚደርስ 127 በ102፣ ሙሉ ቁመት ለሚያሳይ ደግሞ 239 በ147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ዋጋውም ልኩን ይከተላል። ሬኖልድስ በ1764 ለእነዚህ ሦስት ዓይነቶች በቅደም ተከተል 30፣ 70 እና 150 ጊኒ ያስከፍል ነበር፤ ጊኒ የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ ሲሆን አንዱ 21 ሺሊንግ ነበር። አንድ ቤተሰብ ትንሽ ልጁን በሙሉ ቁመት ሲያሥል ስለ ራሱ ሀብትና ማዕረግ ጭምር እየተናገረ ስለሆነ፣ በእንዲህ ያለው ሸራ ላይ የሚታየው ልብስ ልጁ በግቢው ውስጥ ሲሯሯጥ የሚለብሰው ነው ብሎ መገመት አይገባም።

ቀሚስ ጾታን አይናገርም

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ወንድ ልጅ እስከ አራት፣ አንዳንዴም እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ ቀሚስ ይለብስ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ገና ሽንቱን መቆጣጠር ላልለመደ ሕፃን ሱሪ አይመችም፣ ቀሚስ ደግሞ ልጁ ሲያድግ በቀላሉ ይረዝማል። የመጀመሪያው ሱሪ የሚለበስበት ቀን በቤተሰቡ ዘንድ ትልቅ ቀን ነበር፤ ልጁ ከሴቶች እንክብካቤ ወጥቶ ወደ አባቱና ወደ አስተማሪው መሸጋገሩን ያበስራል። ስለዚህ ሱሪ የለበሰ ወንድ ልጅ ባዩ ጊዜ ዕድሜውን ቢያንስ ከአራት ዓመት ጀምሮ መገመት ይቻላል፤ ቀሚስ የለበሰ ሕፃን ባዩ ጊዜ ግን ስለ ጾታው ገና ምንም አላወቁም።

ታዲያ በምን ይለያል? አንድም የተረጋገጠ ምልክት የለም፤ ሊደመሩ የሚችሉ ትንንሽ ፍንጮች ግን አሉ። የመጀመሪያው ልጁ የያዘው ነገር ነው፤ ከበሮ፣ ጅራፍ፣ የእንጨት ፈረስ ወይም ቀስት ወደ ወንድነት ሲያመለክት፣ አሻንጉሊትና ሽርጥ ወደ ሴትነት ያመለክታሉ። ሁለተኛው የቀሚሱ ደረት ነው፤ በክፍለ ዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ የወንድ ሕፃናት ቀሚስ አንዳንዴ እንደ ኮት ከፊት ለፊት በቁልፎች ይዘጋል። ላባ ያለው ባርኔጣም ይረዳል። ቀለም ግን አይረዳም። ሰማያዊ ለወንድ፣ ሮዝ ለሴት የሚለው ክፍፍል በዚያ ዘመን አልነበረም፤ ሁለቱንም ቀለሞች በሁለቱም ጾታዎች ወገብ ላይ ያገኟቸዋል። ይህን እያወቁ እንኳ ዓይን በልማድ ይሳሳታልና ከማስታወሻዎ ላይ የቀለምን ማስረጃ ጨርሶ ቢያወጡት ይሻላል።

ከጾታ ይልቅ ዕድሜን የሚናገሩ ምልክቶች የበለጠ አስተማማኝ ናቸው። የሕፃን ቀሚስ ከኋላ የሚታሰር ሲሆን የአዋቂ ሴት ቀሚስ ግን በአብዛኛው ከፊት የሚከፈት ነው፤ ስለዚህ በደረቱ ላይ ምንም መክፈቻ የማይታይበት ልሙጥ ቀሚስ የልጅነት ምልክት ነው። ከትከሻው ጀርባ የሚንጠለጠሉ ሁለት ረጃጅም ጥብጣቦች ካሉ፣ እነዚህ መራመድ የሚለማመድን ሕፃን ከኋላ ለመያዝ የሚያገለግሉ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በሴት ልጆች ቀሚስ ላይ ሕፃኗ መራመድ ከለመደች ከዓመታት በኋላም የልጅነት ምልክት ሆነው ይቆዩ ስለነበር፣ ጥብጣቡ ብቻውን «ገና መራመድ የምትማር» ለማለት አያበቃም። በራስ ዙሪያ የሚታሰር፣ ውስጡ የታጨቀ ወፍራም ጥምጥም መሰል ነገር ቢያዩ፣ ሕፃኑ ሲወድቅ ግንባሩ እንዳይጎዳ የሚደረግለት መከላከያ ነው፤ ይህ ደግሞ በእርግጥ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ልጅ ያመለክታል። በእጁ ከብር ቃጭሎች ጋር የተያያዘ ቀይ ዛጎል መሰል ዘንግ ከያዘ፣ ያ ጥርስ ለሚያወጣ ሕፃን የሚሰጥ የኮራል ማኘኪያ ነው።

የሕፃን ገላን አጥብቆ በጨርቅ መጠቅለልን በተመለከተ የክፍለ ዘመኑ አስተሳሰብ መሃል ላይ ተለውጧል። ሐኪሙ ዊሊያም ካዶጋን በ1748 ባሳተመው ጽሑፍ ሕፃናትን መጠቅለልንና በልብስ ማጨናነቅን ተቃወመ፤ ከእርሱ በፊት ፈላስፋው ጆን ሎክ በ1693 ልጆች በጠባብ ልብስ እንዳይታሰሩ መክሮ ነበር። በሥዕል ላይ የምናየው ላላ ያለ ቀሚስ ከእነዚህ ክርክሮች ጋር አብሮ የመጣ ነው። ያም ሆኖ ሴት ልጆች በዓሣ ነባሪ አጥንት የተወጠረ ኮርሴት ከቀሚሳቸው ሥር መልበሳቸው ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል፤ ደረቱ ያለ አንዲት እጥፋት እንደ ሰሌዳ ቀጥ ብሎ ወደ ወገብ ከጠበበ ኮርሴት አለ ማለት ነው።

አንድ ሥዕል በቅርብ

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቦታ ለመለማመድ የምመርጠው ሠዓሊው ዊሊያም ሆጋርት በ1742 የሣለውንና በለንደን ናሽናል ጋለሪ የሚገኘውን የግራሃም ልጆች ሥዕል ነው። አባታቸው ዳንኤል ግራሃም የንጉሡ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። አራቱ ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ አሉ፤ ትልቋ ሄንሪየታ ሰማያዊ ቀሚሷ ላይ ነጭ ሽርጥ ታጥቃ ቼሪ ይዛለች፣ አና ማሪያ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ትጨፍራለች፣ ሪቻርድ ዘዋሪ እጀታ ያላትን ትንሽ የሙዚቃ ሣጥን ያጫውታል፣ ትንሹ ቶማስም በጋሪው ውስጥ ተቀምጦ ቼሪውን ለመያዝ ይንጠራራል።

ሁለቱን ወንድማማቾች ያነጻጽሩ። ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ሪቻርድ ኮትና ሱሪ ለብሷል፤ ልብሱ የአዋቂ ሰው ልብስ በትንሹ ተሰፍቶ ነው፣ ለልጅ ተብሎ የታሰበ ምንም ልዩ ነገር የለውም። ቶማስ ግን ቀሚስና ቆብ ለብሷል፤ ስሙን የማያውቅ ሰው ከእህቶቹ አንዷ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም። የእህቶቹ ደረት ቀጥ ያለና የተወጠረ ነው፣ እርሱ ግን በጋሪው ውስጥ ለስለስ ብሎ ተቀምጧል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ አባትና እናት በተወለዱ ሁለት ወንዶች መካከል ያለውን ይህን ልዩነት ያየ ሰው የሱሪን ትርጉም ዳግመኛ አይስተውም።

ሆጋርት ልብሱን ያየው እንደ ዜና ጸሐፊ ነው ለማለት እደፍራለሁ፤ ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን አቀነባብሯል። ከሰዓቱ አናት ላይ ማጭድ የያዘ ሕፃን ምስል አስቀምጧል፣ ድመቷም በጎጆው ውስጥ ያለችውን ወፍ ታደፍጣለች። ሥዕሉ ሲጠናቀቅ ቶማስ በሕይወት አልነበረም። ስለዚህ የቶማስ ልብስ ሲታይ የሕያው ሕፃን ልብስ ቢሆንም፣ ሸራው ላይ በከፊል ከትዝታ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

ልብሱ የማን ነው?

በዚህ ዘመን ሥዕል ፊት የሚቆም ሰው ሊያነሣው የሚገባ ከባድ ጥያቄ ይህ ነው። ከሠዓሊው ፊት የሚቀመጥ ልጅ የሚቀመጠው በዋናነት ለፊቱ ነው። ልብሱ ብቻውን ወደ ስቱዲዮ ሊላክ፣ በአሻንጉሊት ላይ ሊለበስ፣ ወይም ልጁን አይቶት በማያውቅ ሌላ ሰው ሊሣል ይችላል። ትውልዱ ከፍላንደርስ የሆነው ጆሴፍ ቫን አከን እስከሞተበት እስከ 1749 ድረስ ለቶማስ ሃድሰንም ሆነ ለአለን ራምሴይ ልብስ ይሥል ነበር፤ ስለዚህ የሁለት ሠዓሊዎች ሥራ በሆኑ ሥዕሎች ላይ አንድ ዓይነት ሐር በአንድ ዓይነት እጥፋት ሲታይ የሁለት ቤተሰቦች ምርጫ ተገጣጥሟል ማለት ላይሆን ይችላል። ለሬኖልድስም ፒተር ቶምስ ልብስ ሥሏል። አርተር ዴቪስ ደግሞ ልብስ በሚለብሱ ትንንሽ የእንጨት ምስሎች ይጠቀም ስለነበር አንዱ ልብስ በተለያዩ ሰዎች ላይ ይደጋገማል። እንዲህ ያለ ምስል ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሰው የቀራፂው ሩቢሊያክ የነበረው ከነልብሶቹ እስከ ዛሬ በለንደን ሙዚየም ተጠብቆ ያገኘዋል። ቶማስ ጌንስቦሮ በዚህ ረገድ የተለየ ነው፤ ልብሱን በአብዛኛው ራሱ ይሥል ነበር፣ በብሩሹ አካሄድም ይታወቃል።

ሬኖልድስ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሙን በግልጽ ተናግሯል። በ1768 በለንደን የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ተቋም የሮያል አካዳሚ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት እንደመሆኑ በ1776 ለተማሪዎች ባሰማው ሰባተኛ ዲስኩር ላይ፣ የተሣለችውን እመቤት ክብር ሊሰጣት የሚፈልግ ሠዓሊ የዘመኑን ልብስ እንዳለ አይሥልም፣ ምክንያቱም በየዕለቱ የምናየው ልብስ ግርማን ያጠፋል፤ ይልቁንም ለክብሩ ሲል ከጥንታውያን አለባበስ ጥቂት፣ ለመመሳሰሉ ሲል ከዘመኑ ጥቂት ይወስዳል የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሬኖልድስ በሣላቸው ሥዕሎች ፊት ሲቆሙ ይህን ሐሳብ መቀላቀያ ቀመር አድርገው ይያዙት፤ ልብሱ ውስጥ የዘመኑ የሆነው የትኛው ነው፣ የተጨመረበትስ የትኛው ነው ብለው ይጠይቁ። በ1773 የተሣሉት የሌዲ ኮክበርን ሦስት ወንዶች ልጆች ልብስ የላቸውም፤ እናታቸው እንደ ፍቅር ተምሳሌት ስለተሣለች እነርሱም እንደ ጣሊያን ሥዕል ሕፃናት ራቁታቸውን ናቸው። ከእነርሱ ስለ እንግሊዝ ልጆች አለባበስ መማር የሚቻል ነገር የለም። ነገር ግን የእናትየውን ካባ ጠርዝ አጉልተው ይዩት፤ ብዙ ጊዜ ፊርማውን የማያኖረው ሬኖልድስ እዚያ ላይ ስሙንና ዓመቱን ጽፏል።

ከጥንት ግሪክና ሮም ሌላ ሠዓሊዎቹ የሚወዱት ምንጭ ቫን ዳይክ ነበር። አንቶኒ ቫን ዳይክ በ1632 ለንደን ገብቶ በ1641 የሞተ ሠዓሊ ነው፤ እርሱ የሣላቸው መኳንንት የሚለብሱት ልብስ ከመቶ ዓመት በኋላ ለሥዕልና ለጭፈራ ግብዣ የሚለበስ ልብስ ሆነ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ትከሻ ላይ የሚተኛ ሰፊ የዳንቴል አንገትጌ፣ ተቀድዶ ውስጡን የሚያሳይ እጅጌ፣ የሚያብረቀርቅ ሐር፣ በጫማ ላይ እንደ አበባ የተቋጠረ ጥብጣብ፣ ላባ ያለው ሰፊ ባርኔጣ። ጌንስቦሮ በ1770 ገደማ የሣለውና ዛሬ በካሊፎርኒያ ሳን ማሪኖ በሀንቲንግተን ሙዚየም የሚገኘው «ሰማያዊ ልጅ» የተባለው ሥዕል እነዚህን ሁሉ ያሟላል። ከልብሱ ብቻ ተነሥቶ ዘመኑን የሚወስን ሰው ከ130 ዓመት በላይ ይሳሳታል። ለዚያውም ልብሱ የልጁ የግሉ ላይሆን ይችላል፤ በቴት ሙዚየም በሚገኘው የኤድዋርድ ሪቻርድ ጋርድነር ፖርትሬት ላይ ጌንስቦሮ ሌላ ልጅ በተመሳሳይ ሰማያዊ የቫን ዳይክ ልብስ ሥሏል።

እንዲህ ያለውን ልብስ እንዴት ይጠረጥሩታል? ሠዓሊውም ሆነ ቤተሰቡ ለመለወጥ የማያስቡትን ነገር ይዩ። ልብስ ይበደራል፣ ጸጉር ግን አይበደርም፤ የጸጉሩ አቆራረጥና አበጣጠር በአብዛኛው ሥዕሉ የተሠራበትን ዘመን ይናገራል። በአንድ ሥዕል ላይ ጸጉሩና ልብሱ የተለያየ ዘመን ከተናገሩ ጸጉሩን ይመኑ።

የተውሶ ልብስ ሁሉ ግን የሠዓሊው ፈጠራ አይደለም። ዮሐን ዞፋኒ በ1765 ገደማ ንግሥት ሻርሎትን ከሁለት ታላላቅ ልጆቿ ጋር ሲሥል አንዱን ልዑል እንደ ጥንታዊው ጀግና ቴሌማኮስ፣ ሌላውን እንደ ቱርክ አልብሷል፤ እነዚህ ግን ለልጆቹ በእርግጥ የተሠሩ የጨዋታ ልብሶች ነበሩ። ስለዚህ «የውሸት ልብስ» ከማለት «የዕለት ልብስ ያልሆነ» ማለት ይሻላል።

ነጩ ቀሚስ

ከ1760ዎቹ ወዲህ በእንግሊዝ ልጆች ፖርትሬት ላይ ነጭ ስስ ቀሚስና በወገብ ላይ የሚታሰር ሰፊ መቀነት እየበዛ ይሄዳል። ጨርቁ ብዙ ጊዜ ከሕንድ የሚመጣ፣ ሙስሊን የተባለ ስስ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ እንደ ሐር ሳይሆን ታጥቦ፣ ተቀቅሎ ዳግመኛ ይለበሳል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ሬኖልድስ ለእናቶች የሚፈልገው የጥንት ሐውልት የሚመስል፣ ያልተጨናነቀ፣ ነጭ ልብስ በልጆቹ ላይ ያለ ምንም ፈጠራ ተለብሶ ይገኛል። በእኔ ግምት በ1770ዎቹና በ1780ዎቹ ከተሣሉ ፖርትሬቶች መካከል፣ ልብስን በተመለከተ፣ የልጆቹ ከእናቶቻቸው የበለጠ ይታመናሉ። ከዚያም አዋቂ ሴቶች ራሳቸው ይህን የሕፃናት አለባበስ ተከተሉት፤ ቶማስ ሎረንስ በ1794 ፒንኪ በሚል ስም የምትታወቀውን የአሥራ አንድ ዓመቷን ሳራ ባሬት ሞልተንን ሲሥል የልጅቷና የወጣት ሴቶች ልብስ ለመለየት አስቸጋሪ ሆኖ ነበር።

ሙስሊንን ከሐር ለመለየት ብርሃኑ የሚያርፍበትን ቦታ ይመልከቱ። ሐር በእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብርሃኑን ሰብሮ፣ ስል መስመር አድርጎ ይመልሰዋል፤ ጥላውም ድንገት ይጨልማል። ሙስሊን ግን ብርሃኑን ይጠጣል፤ በአንገቱ ዙሪያ በገመድ ተስቦ ብዙ ጥቃቅን ሽብሽብ ይሠራል፣ በክንዱ ላይ ደግሞ ከሥሩ የቆዳው ቀለም ይታያል። ከቀሚሱ ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብሎ አግድም የሚሄዱ መስመሮች ካሉ፣ እነዚህ ልጁ ሲያድግ እየተፈቱ ቀሚሱን የሚያስረዝሙ እጥፋቶች ናቸው። ሠዓሊው እነርሱን ለመሣል ከደከመ ልብሱ በፊቱ ነበር ማለት ነው።

አበባ የታተመበት ጨርቅ ሲያዩ «ጥጥ» ብለው ለመጻፍ አይቸኩሉ። ፓርላማው በ1721 ያወጣው ሕግ የታተመ የጥጥ ጨርቅ መልበስን ከልክሎ እስከ 1774 ቆይቷል፤ በእነዚያ ዓመታት የታተመው ጨርቅ በሕግ የተፈቀደው የተልባ እግር፣ ወይም ጥጥና የተልባ እግር የተደባለቀበት መሆን ነበረበት።

ስለ ቀለሙም ጥቂት ጥርጣሬ ያስፈልጋል። ሬኖልድስ ይጠቀምባቸው የነበሩ ቀይ ቀለሞች ገና በሕይወት ሳለ መደብዘዝ ጀምረው ነበር፣ የሣላቸው ፊቶችም በዚህ ምክንያት ገርጥተዋል። ዛሬ ነጭ የሚመስል መቀነት ሮዝ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ቢጫው የጠፋበት አረንጓዴም ሰማያዊ መስሎ ይታያል። በክፈፉ ጠርዝ የተሸፈነውን የሸራ ዳር ማየት ከቻሉ፣ ብርሃን ያልነካው ቀለም እዚያ ሊገኝ ይችላል።

ዕድሜንና ዓመትን ማመሳከር

የልጁ ስም ከታወቀ የጥምቀት መዝገቡን ከሥዕሉ ዓመት ጋር ያስተያዩ። በዚህ ጊዜ አንድ ወጥመድ አለ፦ እስከ 1751 ድረስ በእንግሊዝ ሕጋዊው አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት መጨረሻ ገደማ፣ በማርች 25 ቀን ነበር፤ ጃንዋሪ 1ን የዓመት መጀመሪያ ያደረገው ለውጥ ሥራ ላይ የዋለው በ1752 ነው። ስለዚህ በመዝገብ ላይ «ፌብሩዋሪ 1738» ተብሎ የተጻፈ ልጅ በዛሬው አቆጣጠር በ1739 የተጠመቀ ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ቀሚስንና ሱሪን የሚለየው ጊዜ እዚያ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከሥዕሉ የተወሰደ የኅትመት ምስል ካለ እርሱንም ይፈልጉ። ሆጋርት ራሱ በታገለለትና በ1735 በጸናው ሕግ መሠረት በእንግሊዝ የሚወጣ የኅትመት ምስል የባለቤቱን ስምና የወጣበትን ቀን መያዝ ነበረበት፤ ያ ቀን ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ሊሣል እንደማይችል ያረጋግጣል። ኅትመቱ ቀለም ባይኖረውም፣ በኋላ ተቆርጦ የወጣ ጫማ ወይም በላዩ ተቀብቶ የጠፋ ቆብ በእርሱ ላይ ተርፎ ሊገኝ ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ በእውን ከተረፉ ልብሶች ጋር ማነጻጸር ይገባል። የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የዘመኑን የልጆች ልብስ ከስፌቱ አንሥቶ ይገልጻል። የሀብታሞች ልብስ በብዛት ስለተረፈ የድሆቹን ልጆች ለማየት ግን ሌላ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። በ1739 በተመሠረተው የለንደን የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ፣ ሆጋርት ከመጀመሪያዎቹ የበላይ ጠባቂዎች አንዱ በሆነበት ቤት፣ ሕፃን ሲገባ የለበሰው ሁሉ በታተመ ቅጽ ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ቆቡ፣ የደረት ጨርቁ፣ ቀሚሱ፣ መጠቅለያው እየተቆጠረ። ከልብሱ ተቆርጦ የተያያዘ ቁራጭ ጨርቅም በብዙዎቹ ላይ አለ። እናትየው ተመልሳ ብትመጣ ልጇን የምታውቅበት እርሱ ነበር። ከሐር ሥዕሎች መካከል ወጥቶ እነዚያን ቁራጮች ያየ ሰው፣ ፖርትሬት የሚያሳየው የእንግሊዝን ልጆች ሁሉ ሳይሆን ጥቂቶቹን መሆኑን ያስታውሳል።

መግለጫውን መጻፍ

ሲጽፉ የታየውን፣ የተገመተውንና ከሌላ ምንጭ የተገኘውን በተለያየ ዓረፍተ ነገር ያስቀምጡ። ልብሱን ሲገልጹ በሥዕሉ ላይ ያለውን የልብስ ክፍል በስሙ ይጥሩ፤ «የሚያምር ባህላዊ ልብስ» የሚለው ዓይነት አነጋገር ለአንባቢው ምንም አይጨምርለትም። ጾታው ካልታወቀ «ሕፃኑ» ማለት ወንድ እንደሚያስመስል አስቡና «ይህ ሕፃን ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ልብሱ የተውሶ ከሆነ ደግሞ ልጁ በእውን ምን ይለብስ እንደነበር አንድ ሐረግ ይጨምሩ። ሬኖልድስ በ1775 ገደማ እንደ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ አድርጎ ለሣለው ትንሽ ልጅ እኔ የምጽፈው የሚከተለውን ነው፦ «ጆን ክሩ፣ ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ። አቋቋሙም ልብሱም ሃንስ ሆልባይን ከሣለው የንጉሡ ምስል የተወሰደ ነው። በዚህ ዕድሜ የነበረ ወንድ ልጅ በቤቱ የሚለብሰው ቀሚስ ነበር።»